ሸክላዎቹ አላለቁም ነበር፦ ደሴ ላይ በመፈተሻ ሸክላ የተስተካከለ አንድ ማጫወቻ

ለምን ጻፍኩት

አንድ ሰው የአባታቸውን ሸክላዎች ሊጥሉ ነበር። "አልቀዋል" ብለን የነገርናቸው እኛው ጠጋኞቹ ነን። አንዱ እኔ ነኝ። ሸክላዎቹ ግን አላለቁም። ጥፋቱ ያለው ማጫወቻው ላይ ነበር። ይህን ያሳየን ደግሞ ዘፈን የሌለበት፣ ፉጨትና ሹክሹክታ ብቻ የተቀዳበት አንድ የመፈተሻ ሸክላ ነው። በዚሁ ስህተት ተፈርዶበት በየቤቱ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ስንት ጥሩ ሸክላ እንዳለ ሳስብ ያመኛል። ስለዚህ የተሳካውንም ያልተሳካውንም እንዳለ አስፍሬዋለሁ።

ዳራ

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ቤታቸው ደሴ ነው፣ ከፒያሳ በእግር የሚደረስበት፣ የእንጨት ወለል ያለው አሮጌ ቤት። እኔ እዚያው ከተማ ሬዲዮ፣ ቴፕና አምፕሊፋየር እጠግናለሁ።

ሸክላዎቹ 38 ናቸው። አብዛኞቹ ትንንሾቹ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ነጠላ ሸክላዎች ናቸው። የጋሼ አባት የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። አዲስ አበባ ደርሰው በተመለሱ ቁጥር አንድ ሁለት ይዘው ይመጡ ነበር። ዘመኑ የአገራችን ሸክላ የደራበት ነው። አምሃ ሪከርድስ በ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ 1975 ባሉት ጥቂት ዓመታት ብቻ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አሳትሟል። ከዚያ ካሴት መጣና ሸክላ ወደ ሳጥን ገባ። የእነ ጋሼም እንዲሁ። ከሳጥኑ ውስጥ አብዛኞቹ ሞኖ ናቸው፣ ማለት በግራም በቀኝም ስፒከር የሚወጣው አንድ ዓይነት ድምፅ ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

ማጫወቻውን ያመጣችላቸው ውጭ አገር የምትኖር ልጃቸው ናት። በቺንጋ የሚዞር፣ ደህና ዕቃ ነው። ጉዞ ላይ መርፌው ተሰበረ። ልጅቷ አዲስ ካርትሪጅ፣ ማለት መርፌውን የሚይዘውንና ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ትንሽ ዕቃ፣ ላከች። እዚያው ጥቅል ውስጥ የመፈተሻ ሸክላውንም ጨመረችበት። ካርትሪጁን አንድ የከተማችን ጠጋኝ ገጠመው። የመፈተሻውን ሸክላ ግን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ጋሼ አንድ ጊዜ አስቀምጠውት፣ "ይሄ ደግሞ ምን ዘፈን ነው? ፉጨት ብቻ!" ብለው ወደ ሽፋኑ መለሱት።

ችግሩ

ጋሼ ወደ እኔ ሲመጡ ሦስት ነገር ነገሩኝ።

አንደኛ፣ ድምፁ ባዶ ነው። ቤዝ የለም፣ ዘፋኙ የት እንደቆመ አይታወቅም። "ሰው የለበትም እኮ" አሉኝ። ሁለተኛ፣ ትንንሾቹ ሸክላዎች ላይ ሰ፣ ሸ እና ጸ ባሉበት ቃል ሁሉ ድምፁ ይንጫጫል። ትልልቆቹ ላይ ግን ዳር ዳሩ ደህና ነው፤ የሚበላሸው ወደ መሃል ሲጠጋ ነው። ሦስተኛው ይባስ ነው። አምፕሊፋየሩ ላይ "ሞኖ" የሚል ቁልፍ አለ። ሸክላዎቹ ሞኖ ናቸውና ቁልፉን ሲጫኑት ይሻላል ብለው ሞከሩት። ዘፋኙ ከነባንዱ ጠፋ። የቀረው ጭረቱና ፍንጥርጣሪው ብቻ ነበር፣ ከሥሩ እንደ ሩቅ ሬዲዮ የሰለለ ድምፅ አለ።

ይህን ሦስተኛውን ራሴ ቤታቸው ሄጄ ሰማሁት። አምባሰል ነበር የተቀመጠው። ቁልፉን ጫንኩ፣ ሰውየው ጠፋ፣ ጭረቱ ቀረ። ከኔ በፊት ያየው ጠጋኝ "ድምፁ ከሸክላው ላይ ተፍቆ አልቋል" ብሏቸው ነበር። እኔም ተስማማሁ። አሳማኝ መስሎ ታየኝ፤ ሸክላው ሃምሳ ዓመት የኖረ ነው፣ የቀረው ጭረት ብቻ ነው።

ጋሼ ምንም አላሉኝም። ሸክላውን በሁለት እጃቸው አንስተው ወደ ሽፋኑ መለሱት። ከዚያ እኔኑ ሊያጽናኑኝ "አብሽር" አሉኝ። ያቺ ቃል ሌሊቱን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣችም።

መጀመሪያ የሞከርናቸው

በማግስቱ ተመለስኩ። ሸክላዎቹን በተጣራ ውሃና በጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና አጠብን፣ አደረቅን። ፍንጥርጣሪው ቀነሰ፣ ባዶነቱ ግን እዚያው ነው። የስፒከሮቹን ገመድ ፈትሼ እንደገና አሰርኩ። ለውጥ የለም። በዚያው አምፕሊፋየር ኤፍኤም ሬዲዮ ከፈትኩ። ድምፁ ሙሉ ነው፣ ቤዙም አለ፣ ሞኖ ቁልፉን ስጫን ምንም አይጠፋም። ያኔ ነው የነቃሁት። አምፕሊፋየሩና ስፒከሮቹ ነፃ ናቸው። ጥፋቱ ያለው ከመርፌው እስከ አምፕሊፋየሩ መግቢያ ባለው መንገድ ላይ ነው። ወይም ሸክላው ላይ። ሁለቱን ለመለየት ደግሞ ይዘቱ በትክክል የሚታወቅ፣ ያላረጀ ሸክላ ያስፈልጋል።

"ጋሼ፣ ያ ፉጨቱ የት አለ?" አልኳቸው።

የመፈተሻ ሸክላ ምን ይዟል

የመፈተሻ ሸክላዎች አሠራራቸው የተለያየ ነው። የጋሼው የያዘው ይህን ነው። ግራና ቀኝን የሚለይ ንግግር። የሁለቱ ቻናሎች (የግራውና የቀኙ ድምፅ) አቅጣጫ መግጠሙን፣ ማለት ሁለቱ ስፒከሮች አብረው መግፋትና መሳባቸውን፣ የሚያሳይ ሹክሹክታ መሰል ድምፅ። የ3150 ኸርዝ ፉጨት ለፍጥነት። የ300 ኸርዝ ድምፅ፣ እየጨመረ በሚሄድ ጉልበት፣ +12፣ +15 እና +18 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው)፤ መርፌው ቦዩን፣ ማለት ሸክላው ላይ የተቀረጸውን ቀጭን መስመር፣ ሳይለቅ መከተል መቻሉን ይፈትናል። የ+15ቱ በሸክላው ዳር፣ መካከልና ወደ መሃል በሚጠጋው ላይ ተደግሟል። ከዚያ በጣም ዝቅ ያሉ፣ ጆሮ የማይሰማቸው ንዝረቶች፣ እና ምንም ቦይ የሌለበት ለስላሳ ቦታ።

ከዘፈን የሚለየው ምንድን ነው? ዘፈን ሲበላሽ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ይበላሻል። ይሄ ግን አንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ሽቦው

የመጀመሪያውን ክፍል አስቀመጥን። "ግራ" ሲል ከግራ፣ "ቀኝ" ሲል ከቀኝ መጣ። ደህና ነው። ሁለተኛው ክፍል አቅጣጫ ነው። በትክክለኛው አቅጣጫ የተቀዳው ሹክሹክታ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል፣ ልክ መሃል ላይ መቆም አለበት። የተገለበጠው ደግሞ ተበትኖ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ መሆን አለበት። እኛ ቤት የሆነው ተቃራኒው ነው። ትክክለኛው ተበተነ፣ የተገለበጠው መሃል ቆመ። ሞኖ ቁልፉን ጫንኩት። ትክክለኛው ጠፋ።

ሸክላው አዲስ ነው፣ ሊያልቅ አይችልም። ከጋሼ ጋር ተያየን።

ካርትሪጅ ከኋላው አራት ቀጫጭን እግሮች አሉት። ነጩ ሽቦ የግራ ፖዘቲቭ፣ ሰማያዊው የግራ ኔጋቲቭ፣ ቀዩ የቀኝ ፖዘቲቭ፣ አረንጓዴው የቀኝ ኔጋቲቭ ነው። መብራት አስጠግቼ በአጉሊ መነጽር አየሁት። ቀዩና አረንጓዴው ቦታ ተለዋውጠዋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ለምን ዘፋኙን አጠፋው? ሞኖ ሸክላ ላይ የቦዩ ሁለት ግድግዳዎች የያዙት ድምፅ አንድ ነው። አንዱ ቻናል ከተገለበጠ፣ አንዱ ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል። ቤዙ አየር ላይ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሞኖ ቁልፉ ደግሞ ሁለቱን ሽቦ ላይ ይደምራቸዋል፤ አንድ ሲደመር ከአንድ ሲቀነስ ዜሮ። ጭረትና አቧራ ግን በሁለቱ ግድግዳ ላይ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ስለዚህ አይጠፋፋም። እኛ "የቀረው ጭረቱ ብቻ ነው" ያልነው ለዚህ ነው። የሰማነው እውነት ነበር፤ የፈረድነው ግን በሸክላው ላይ ነው።

ሽቦዎቹን በቀጭን መቆንጠጫ አንድ በአንድ አውጥቼ አቀያየርኳቸው። እዚህ ላይ ካውያ ይዞ መቅረብ አይገባም። ሙቀቱ ውስጡ ያለውን እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ያበላሸዋል። ሥራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። አምባሰሉን መልሰን አስቀመጥነው። ዘፋኙ መሃል ላይ ቆመ፣ ቤዙ ከሥሩ መጣ። ጋሼ ወደ ጓዳ ዞረው "እስቲ ኑ፣ ስሙ!" አሉ።

ክብደትና አቀማመጥ

መንጫጫቱ ግን አልለቀቀም። የ300 ኸርዙን +12 ስናስቀምጥ ንጹሑ ድምፅ በሁለቱም ስፒከር እንደ ንብ መጮህ ጀመረ። ይህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመርፌው ክብደት ነው።

የካርትሪጁ ወረቀት ከ1.5 እስከ 2 ግራም፣ የሚመከረው 1.8 ግራም ይላል። ካርትሪጁን በሚይዘው ረጅም ክንድ ላይ ያለው የክብደት ቁጥር 1.8 ላይ ነው የቆመው። ነገር ግን ያ ቁጥር እውነት የሚናገረው ክንዱ መጀመሪያ በትክክል ዜሮ ላይ ከተመዛዘነ ብቻ ነው። ከአንድ ወርቅ ሠሪ ወዳጄ ትንሿን ዲጂታል ሚዛን ተዋስኩ። የመቶኛ ግራም ታነባለች። መርፌውን አሳረፍንባት፦ 1.21። ብዙ ሰው ቀላል መርፌ ሸክላን የሚያድን ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። በጣም የቀለለ መርፌ ቦዩ ውስጥ ይዘላል፣ ሲዘል ግድግዳውን ይሸርፈዋል። ወደ 1.8 አመጣነው። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ መርፌው የሚያርፍበት ቦታ የሸክላው ከፍታ ላይ መሆን አለበት። እኛ ሚዛኗን ሸክላው በሚቀመጥበት ሳህን ላይ ደርበን ሳይሆን ሳህኑን አውጥተን ነው ከፍታውን ያስተካከልነው።

+12 ጸዳ። +15 ዳር ላይ ጸዳ፣ መካከል ላይ ትንሽ ጮኸ፣ ወደ መሃል ሲጠጋ ግን ክፉኛ ጮኸ። የቦታ ልዩነት ካለ አቀማመጡ ነው። እንዳልኩትም ካርትሪጁ መያዣው ላይ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቶ ታስሯል። ከሚገባው ወደ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይጎድለዋል። እንዲህ ሲሆን ዳር ላይ ማዕዘኑ ደህና ይሆንና ወደ ውስጥ ሲገባ ይዛባል። ትንንሾቹ ሸክላዎች ደግሞ ሁለመናቸው ከመሃል ከ9 ሴንቲ ሜትር አይርቅም። ማለት የጋሼ አባት ሸክላዎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጫወቱት በተበላሸው ቀጠና ውስጥ ነው። ትልልቆቹ ደህና፣ ትንንሾቹ "ያለቁ" የመሰሉት ለዚህ ነው።

ለማስተካከያ የሚሆን ባለ መስመር ወረቀት ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኩ። መርፌው ከመሃል 66 እና 120.9 ሚሊ ሜትር ላይ ሲያርፍ ካርትሪጁ ከመስመሩ ጋር ቀጥ እንዲል የሚያደርግ ነው። ወረቀቱ ላይ 100 ሚሊ ሜትር የሚል መለኪያ መስመር አለ። በማስመሪያ ለካሁት፣ 97። ፕሪንተሩ ለገጹ እንዲመች አሳንሶታል። በዚያ ብሠራ ኖሮ ሌላ ስህተት በላዩ እጨምር ነበር። ተመልሼ "ልክ በልኩ" አሳተምኩት። ከዚያ ብሎኖቹን በትንሽ ካቻቢቴ አላልቶ፣ ገፍቶ፣ ማሰር፣ ክብደቱን እንደገና መለካት። ግማሽ ቀን ፈጀ። ከዚህ በኋላ +15 በሦስቱም ቦታ ተቀራራቢ ሆነ።

አንቲ-ስኬቲንግና የደሴ ብርድ

ሸክላ ሲዞር ክንዱን ወደ መሃል ይስበዋል። መርፌው የግራውን ቻናል በያዘው የውስጥ ግድግዳ ላይ ይደገፍና የቀኙን ያላላዋል። አንቲ-ስኬቲንግ የሚባለው ያንን ስበት የሚመልስ ትንሽ ጉልበት ነው። ሲያንስ መጀመሪያ የሚጮኸው ቀኙ ነው፤ ሲበዛ ግራው።

መጀመሪያ ለስላሳው ቦታ ላይ ሞከርኩ። ክንዱ ወደየትም ሳይሄድ እስኪቆም ቁልፉን አዞርኩ። ከዚያ +15 ላይ ሳየው አልተስማሙም። ለስላሳ ቦታ ላይ ያለው ሰበቃ ቦይ ውስጥ ካለው ጋር አንድ አይደለም። ለስላሳውን ተውኩት፣ በድምፁ ሄድኩ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አሳሳተኝ። ይህን የሠራነው ማታ ነው። ደሴ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ናት፤ ፀሐይ ከገባች ከጦሳ የሚወርደው ብርድ ቀልድ አያውቅም። ጋሼ ጋቢ ደርበዋል፣ እኔ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። +15 ላይ ቀኙ እምቢ አለ። አንቲ-ስኬቲንጉን ጨመርኩ፣ ጨመርኩ፣ 2.5 ደረስኩ። +18ንም ካላለፈ ብዬ እልህ ያዘኝ። ግራው መጮህ ጀመረ። ተስፋ ቆርጬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ክፍሉ ፀሐይ ከገባበት በኋላ፣ ቁልፉን ወደ 1.5 መልሼ ምንም ሳልነካ +15ን አስቀመጥኩት። በሁለቱም በኩል ጸድቶ አለፈ። መርፌውን የተሸከመችው ዘንግ የተያዘችው በትንሽ ላስቲክ ነው። ላስቲክ ሲበርደው ይደርቃል፣ መርፌውም እንደ ልብ አይንቀሳቀስም። ኮምቦልቻ ወርጄ ብሠራው ምናልባት ይህን ሳላየው አልፍ ነበር። +18ን ተውኩት። እንዲያ ያለ ጉልበት ዘፈን ሸክላ ላይ አይቀዳም፤ ደጋግሞ ማጫወቱም የመፈተሻውን ሸክላ ራሱን ይበላዋል።

ንዝረትና ፍጥነት

እነዚህ ሁለቱ በቀላሉ አለቁ። ዝቅተኛው ንዝረት 9 ኸርዝ ላይ ሲደርስ ክንዱ በዓይን እስኪታይ ተንቀጠቀጠ። ከ8 እስከ 12 ባለው መካከል ስለሆነ ካርትሪጁና ክንዱ ይስማማሉ ማለት ነው። የእንጨቱ ወለል ግን ሰው ሲራመድ ያንኑ ንዝረት ይቀሰቅሳል። ማጫወቻውን ከወለሉ አንስተን ግድግዳ ላይ በተመታ መደርደሪያ አስቀመጥነው፣ በውሃ ልክም አስተካከልነው።

ለፍጥነት የ3150ውን ፉጨት በስልክ ላይ ባለ መተግበሪያ አነበብነው። 3118 አለ። አንድ በመቶ ዘግይቷል። ቺንጋውና የሞተሩን መዘውር በአልኮል ጠርገን ከሥር ባለችው ማስተካከያ ብሎን ወደ 3150 አመጣነው። የ45ቱ ማስተካከያ ለብቻው ነው። ለዚያ ያንኑን ሸክላ በ45 ዙር ማጫወት ይበቃል፤ ፉጨቱ 4252 ገደማ መውጣት አለበት።

ለሌላው ሥራ የሚሆነው

ከዚህ በኋላ የሸክላ ማጫወቻ በመጣልኝ ቁጥር ቅደም ተከተሉን አልለውጥም። መጀመሪያ ሽቦና አቅጣጫ፣ ከዚያ ክብደት፣ ከዚያ አቀማመጥ፣ መጨረሻ አንቲ-ስኬቲንግ። አንቲ-ስኬቲንግን ቀድሞ የነካ ሰው የሌላውን ጥፋት በእርሱ ሊሸፍን ይሞክራል። አንድ ጊዜም ከአንድ ነገር በላይ አልለውጥም፤ የለወጥኩትንም ከነሰዓቱ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ሰዓቱን ባልጽፍ ኖሮ ብርዱን አልደርስበትም ነበር።

የመፈተሻ ሸክላ የሌለው ሰው ቢያንስ የሞኖ ቁልፉን መሞከር ይችላል። ሞኖ ሸክላ ቁልፉ ሲጫን መዳከም የለበትም። ከጠፋ ሸክላውን አትውቀሱ፣ የካርትሪጁን እግሮች እዩ።

ያልተሳካልን ነገርም አለ። የመርፌውን ወደ ጎን መዘንበል በድምፅ ለመለካት ሞክረን ነበር። በአንድ ቻናል ብቻ የተቀዳ ድምፅ ወደ ሌላው ምን ያህል እንደሚያፈስ ማየት ነው። በጆሮ ብቻ ልዩነቱን ለመያዝ አልቻልንም። ትንሽ መስታወት ሳህኑ ላይ አስቀምጠን ካርትሪጁ ከምስሉ ጋር ቀጥ ማለቱን በዓይን አየንና በዚያው ተውነው።

አሁን ያለበት

38ቱንም አንድ በአንድ አጫወትናቸው፣ ሦስት ቀን ከሰዓት ፈጀ። 35ቱ ደህና ናቸው። አንዳንዶቹ ላይ ጭረት አለ፣ ከጭረቱ በላይ ግን ሰውየው ጥርት ብሎ ይሰማል። ሦስቱ በእውነት አልቀዋል። ሰ እና ጸ በየትኛውም ማስተካከያ አይመለሱም፣ በከባድ አሮጌ መርፌ ተበልተዋል። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው በዚህ ጊዜ እርግጠኛ ነበርኩ። ሦስቱንም ሽፋናቸው ላይ በእርሳስ "አልቋል" ብለው ጻፉባቸውና ከሌሎቹ ጋር እዚያው ሳጥን ውስጥ መለሷቸው።